መነጽሩን የሳመው ሌባ

ፓስፖርቱ የለም።

እንቁ የቦርሳዋን የውስጥ ዚፕ ሦስት ጊዜ ከፍታ ሦስት ጊዜ ዘጋችው። ከዚያ ትዕግስቷ አለቀ። ቦርሳውን አንስታ ጠረጴዛው ላይ፣ በፒዛው ሰሌዳና ባልተነካው የቲራሚሱ ኬክ መሃል ዘረገፈችው።

ቁልፍ። ማበጠሪያ። የአውቶቡስ ካርድ። ሰዎች ለዘመዶቻቸው የላኩት ዶላር ያለበት ፖስታ፣ እንደታሸገ። ለአባቷ ያሠራችው መነጽር፣ ከነማስቀመጫው። ሰማያዊው ፓስፖርት ብቻ የለም።

“ምን ጠፋብሽ?” አለች ቲጂ። ቲጂ የቤት ተጋሪዋ ናት። ካናዳ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል ሰፈር፣ አንድ አፓርታማ ውስጥ አምስት ዓመት አብረው ኖረዋል።

“ፓስፖርቴ።”

“ቤት ረስተሽው ይሆናላ።”

“ምግብ ስናዝ እዚህ ነበር። በእጄ ነክቼዋለሁ።”

“ወድቆ ይሆናል” አለ ፍጹም። ፍጹም እጮኛዋ ነው፣ ቀለበቱን ገና አልገዛም እንጂ። ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ሥር ተመለከተና በጣም ቶሎ ቀና አለ። የምር የሚፈልግ ሰው እንደዚያ ቶሎ ቀና አይልም።

“ዚፑን ተዘግቶ ነው ያገኘሁት” አለች እንቁ። “የወደቀ ፓስፖርት ዚፕ ዘግቶ አይወድቅም። ሰው ነው የወሰደው።”

ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። አውሮፕላኑ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ይነሳል። አዲስ አበባ ላይ አባቷ አቶ ሰይፉ አልጋ ከያዙ ሁለት ወር አልፏቸዋል። እንቁ ካየቻቸው አስራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ባለፈው እሁድ በስልክ፣ በዚያ በደከመ ድምፃቸው፣ “መነጽሩን ይዘሽልኝ ነይ፣ መልክሽን አጥርቼ ልይሽ” ብለዋታል። ሽማግሌ እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ሐኪም መጠየቅ አያስፈልግም። ዛሬ ካልበረረች ላትደርስባቸው ትችላለች።

ሌባው ማንም ይሁን ማን፣ ሰው መምረጥ አልቻለበትም። እንቁ እንጀራዋን የምትበላው ሌባ በመያዝ ነው። በአንድ ትልቅ የልብስ መደብር ውስጥ፣ የደንብ ልብስ ሳትለብስ፣ ገዢ መስላ ቀሚስ እያገላበጠች ትውላለች። ሰባት ዓመት ሆናት። ለአዲስ ሠራተኞች ሁልጊዜ የምትነግራቸው ነገር አለ። ፊቱን ተዉት፣ እጁን እዩ ትላለች። ሰርቆ የደበቀ ሰው እጁ አላርፍ ይለዋል፤ ዕቃው በቦታው መኖሩን ሄዶ ሄዶ ይዳስሳል።

ያሉበት ቦታ ዳውንታውን ያለው የጣሊያኖቹ የምግብ ገበያ ነው። በሩ ላይ መርካቶ የሚል ተጽፎበታል፤ እውነትም ግፊያው ከመርካቶ አያንስም። በአንድ ወገን ፒዛ እንደ ጨርቅ በርዝመቱ እየተለካ ይቆረጣል። በሌላው ፓስታ ዓይንህ እያየ ይዳመጣል። ጥግ ላይ አይብ እንደ ጎማ ተቆልሏል፣ ጣፋጩና ጄላቶው፣ የጣሊያኖቹ አይስክሬም፣ መጨረሻ ላይ ነው። ቁጥር ትቆርጣለህ፣ ቆመህ ትጠብቃለህ፣ ከማታውቀው ሰው ጋር ረጅም ጠረጴዛ ትጋራለህ። ኪስ አውላቂ የሚመኘው እንዲህ ያለ ቦታ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠረችው የጄላቶውን ሰውዬ ነው። ከሩብ ሰዓት በፊት፣ ከፍጹም ጋር ቲራሚሱ ለመግዛት ተሰልፋ ሳለች፣ አንድ ሰውዬ ተጋጭቷት እጅጌዋ ላይ አረንጓዴ ጄላቶ ደፍቶባታል። ይሄ የታወቀ ዘዴ ነው። አንዱ ያፈሳል፣ ሌላው ይወስዳል።

ብድግ ብላ አዳራሹን በዓይኗ አሰሰች። ሰውዬው አይቡ ጋ ቆሟል። በአንድ እጁ ሕፃን አቅፏል፣ በሌላው ሌላ ጄላቶ ይዟል፣ አሁንም እያንጠባጠበ ነው። ምስኪን። ደግሞስ ያኔ ቦርሳው መች ትከሻዋ ላይ ነበር? ወንበሯ ላይ ትታው ነው የሄደችው። ጠረጴዛው ላይ የራሷ ሰዎች ስላሉ አላሰበችበትም።

ይሄን ስታስብ ቀስ ብላ ተቀመጠች። የራሷን ሰዎች አንድ በአንድ አየቻቸው።

አራት ናቸው። ቲጂና ፍጹም፣ ከነሱ ጎን የአባቷ እህት ወይዘሮ መሰረት፣ እንቁ “እትዬ” የምትላቸው፣ ካናዳ ስትገባ ተቀብለው ቤታቸው ያስቀመጧት። ፊት ለፊት ጋሽ ሀብተማርያም፣ የአባቷ የልጅነት ጓደኛ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚኖሩ ሽማግሌ።

ግብዣው ራሱ ግራ የሚያጋባ ነበር፣ አሁን ስታስበው። ጠዋት ሥራ ላይ ሳለች እትዬ ኮል አደረጉላት። “ከሥራሽ በቀጥታ ነይ፣ ቤት አትሂጂ፣ ያንን የምትወጂውን ጣፋጭ እንጋብዝሽ” አሏት። ውጭ መብላት ገንዘብ ማቃጠል ነው የሚሉት እትዬ! ዕለቱ ደግሞ ዓርብ ነው። ዓርብን ሳይጾሙ አልፈው የማያውቁ ሴትዮ፣ ሰው ለመጋበዝ አይብ ቤት መረጡ። ጋሽ ሀብተማርያምም ለክረምት ጫማ እንኳ ከቶርንክሊፍ የማይወጡ ሰው፣ አውቶቡስና ባቡር ቀያይረው መጡ። ሲደርሱ “እንቁዬ” ብለው አቀፏት፣ ረጅም ጊዜ አቀፏት፣ ከዚያ በኋላ ዓይኗን አላዩም።

ሁሉም ብይ፣ ብይ ይሏታል። እነሱ ግን አይበሉም። ሁለቱ ጾመኞች ይሁን፤ እትዬ ደረቅ ዳቦ በዘይት ቀማምሰዋል፣ ጋሼ ሻይ ይዘዋል። ቲጂና ፍጹም ምን ሆነው ነው? ቲጂ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ልጅ ናት፣ ዓርብ ለሷ እንደ ሐሙስ ነው። አንዲት ቁራሽ ፒዛ ቆርሳ ሳህኗ ላይ ስታገላብጥ አንድ ሰዓት ሞላት።

የገበያው ሴኩሪቲ መጣ። ትልቅ ሰው ነው፣ ትሁት።

“የተገኘ ዕቃ አልመጣልንም” አለ። “ካሜራ አለን፣ ግን ያለ ፖሊስ አናሳይም። ፖሊስ ልጥራልሽ?”

“አያስፈልግም።”

አራቱም በአንድ አፍ ነው ያሉት። ጋሽ ሀብተማርያም እንኳ፣ እንግሊዝኛ አልሰማም የሚሉት፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ ነው ያሉት።

እንቁ አንድ በአንድ ተመለከተቻቸው።

“ግማሽ ሰዓት ስጠኝ” አለችው ሴኩሪቲውን። “የኔም ሥራ ይሄው ነው። ካልሆነልኝ ራሴ እጠራለሁ።”

ሰውዬው ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ እትዬም” አለች። “ግን ከዚህ ጠረጴዛ ማንም አይነሳም። ፍጹም፣ ወንበርህን ወደኔ አዙር።”

“እዚህ፣ ሰው ፊት?”

“ሰው ፊት። ተሰልፈን ሳለ ጥለኸኝ የት ሄድክ?”

“ውሃ ልገዛ።”

“ውሃው የታለ?”

“ጠጣሁት።”

“ጠርሙሱስ?”

“ጣልኩት።”

“በካርድ ነው የምትከፍለው። የባንክህን አፕ ክፈትና የውሃውን አሳየኝ።”

ፍጹም ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

“ስልክህን ስጠኝ።”

“እንቁ፣ ተይ።”

“ስጠኝ አልኩህ።”

ሰጣት። የመጨረሻው ጥሪ ለአየር መንገዱ የተደረገ ነው። ዘጠኝ ደቂቃ ይላል። እሷ ቲራሚሱ ስትጠብቅ የነበረችበት ሰዓት።

“አየር መንገድ ምን ልትል ደወልክ?”

“ፍላይትሽን ወደ ነገ ማታ ማዛወር ይቻል እንደሆነ ልጠይቅ።”

“ማን ጠይቅልኝ አለህ?”

ዓይኑ አንዴ ወደ ጋሽ ሀብተማርያም ሄዶ ተመለሰ።

“ራሷ ካልደወለች አንቀይርም አሉኝ” አለ በመጨረሻ።

“ስለዚህ ፓስፖርቴን ወሰድክ።”

“አልወሰድኩም። እናቴ ትሙት።”

“ባለፈው ሳምንት ‘ከሄድሽ አትመለሺም’ ያልከኝ አንተ ነህ።”

“ያ ሌላ ነገር ነው። ያኔ ቀንቼ ነው።”

“አሁንስ?”

“አሁን ልነግርሽ አልችልም። ፓስፖርቱን ግን በእጄ አልነካሁም።”

ልቧ ነደደ። ምክንያት አለው፣ ጊዜ ነበረው፣ ዋሽቷል። መደብሩ ውስጥ ቢሆን እስካሁን ወደ ቢሮ አስገብታው ነበር። እጆቹን አየች። ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል። የትም አይሄዱም፣ ወደ ኪሱም፣ ወደ ጃኬቱም። እጁ ሌላ ነገር ነው የሚናገረው። ይሄ ይበልጥ አናደዳት።

“አንቺስ ቲጂ? ስመለስ ወንበርሽ ባዶ ነበር።”

“ሽንት ቤት ነበርኩ።”

“ይሄን ሁሉ ደቂቃ?”

“ሰልፍ ነበረ።”

“ፊትሽን ለምን ታጠብሽ?”

“ሞቀኝ።”

ሞቀኝ ትላለች፣ ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ። ከአንገቷ ሥር ጥቁር ሹራብ ብቅ ብሏል። ጥቁር አያምርብኝም ብላ ላለፈው ገና የተሰጣትን ቀሚስ የመለሰች ልጅ ናት። ደግሞ ጆሮዋ ባዶ ነው። ስትተኛ እንኳ የማታወልቀው የወርቅ ሎቲ የለም።

“ሎቲሽስ?”

“ቤት ረሳሁት።”

“ስልኬን አምጪ።”

ቲጂ አመንትታ አወጣችው። ዛሬ እንቁ ከሥራ ስትወጣ በር ላይ ጠብቃ ስልኳን ወስዳባታለች። የኔ ቻርጅ አልቋል፣ የመሰናበቻ ፎቶ ላንሳሽ ብላ። እስካሁን አንድ ፎቶ አላነሳችም።

እንቁ ስልኩን ከፈተችው። ኢንተርኔቱ ተዘግቷል። ፌስቡክ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። ቴሌግራምም የለም።

“ፌስቡኬ የታለ?”

“ሳላውቅ ነክቼው ይሆናል።”

“ቴሌግራሙንም ሳታውቂ?”

“እንቁ፣ እባክሽ።”

“እባክሽ ምን?”

ቲጂ ከንፈሯን ነክሳ ፊቷን ወደ ጄላቶው አዞረች። እንቁ ይሄኔ ነው በእውነት የፈራችው። አንድ ሰው ቢሰርቃት ሰው ነው፣ ይሰርቃል። እነዚህ ግን ተመካክረውባታል። ስልኳን ዘግተው፣ ፍላይቷን ሊያዛውሩ ሞክረው፣ ፖሊስ አይጠራ ብለው። ሊያስቀሯት ነው። ለምን እንደሆነ ግን ብታወጣ ብታወርድ አይገባትም። አምስት ዓመት አንድ ማጠቢያ ላይ ጥርሷን ያጠበች ጓደኛዋን እንደ ባዳ አየቻት።

ወደ ሽማግሌው ዞረች።

“ጋሼ፣ እርስዎንም መጠየቅ አለብኝ።”

“ጠይቂ ልጄ።”

“ፓስፖርቴን ወስደዋል?”

“አልወሰድኩም።”

“ማን እንደወሰደውስ ያውቃሉ?”

“አላውቅም። እውነቴን ነው።” ጋሽ ሀብተማርያም ይሄን ብለው ሌሎቹን ሦስቱን በተራ ተመለከቱ። እሳቸውም እየጠረጠሩ ነው። ፍጹም ቲጂን ያያል፣ ቲጂ ፍጹምን ታያለች። ይሄን እንቁ ልብ አለች። ተመካክረዋል፣ በዚህኛው ላይ ግን አልተመካከሩም።

“ታዲያ ፖሊስ አይጠራ ያሉት ለምንድን ነው?”

“ፖሊስ ለዚህ አይሆንሽም።” ብርጭቆውን አነሱት፣ ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡት። “ብትሄጂም ነገ ሂጂ፣ እንቁዬ። አንድ ቀን ነው።”

“አባቴ አንድ ቀን ባይኖረውስ?”

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ዓይናቸው ድረስ ዝቅ አደረጉ።

አጠገባቸው የተቀመጡት ሁለት ጣሊያናውያን አሮጊቶች ካኖሊ የተባለውን ጣፋጫቸውን ትተው እነሱን ይመለከታሉ። ቋንቋው አይገባቸውም፣ ነገሩ ግን ሳይገባቸው አልቀረም።

እንቁ ዕቃዋን ወደ ቦርሳዋ መመለስ ጀመረች። እጇን ሥራ ስታስይዝ ታስባለች፣ ልማዷ ነው። ቁልፉ። ማበጠሪያው። ፖስታው፣ ማንም አልነካውም። ይሄን ያህል ዶላር ትቶ ፓስፖርት ብቻ የሚወስድ ሌባ ለገንዘብ አልመጣም። ከዚያ የመነጽሩን ማስቀመጫ አነሳች።

ላስቲኩ የለም።

ትናንት ማታ መነጽሩን በጨርቅ ወልውላ፣ እንዳይከፈት በፀጉር ላስቲክ አስራ ነው ያስቀመጠችው። አሁን ላስቲኩ የለም። ማስቀመጫውን ከፈተችው። መነጽሩ በቦታው አለ፤ እግሮቹ ግን እሷ እንዳጠፈቻቸው አልታጠፉም። ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው።

ግራው መስተዋት ላይ ቅባት አለ። የጣት አይደለም። ሁለት ትንንሽ ቅስት፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች።

ከንፈር ነው።

ሰባት ዓመት ሌባ ስትይዝ ብዙ ዓይነት አይታለች። ሱሪ በሱሪ ላይ የሚለብስ አለ፣ ሽቶ ጡት መያዣዋ ውስጥ የምትከት አለች። የሰው መነጽር አውጥቶ ስሞ የሚመልስ ሌባ ግን አይታ አታውቅም።

ቀና አለች። እስካሁን ያልጠየቀቻቸው አንድ ሰው ናቸው። ወይዘሮ መሰረት ፓስፖርቱ ከጠፋ ጀምሮ፣ ከዚያች ከአንዷ “አያስፈልግም” በቀር፣ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ስትመጣ መሬት ላይ ተቀምጦ የነበረው ቦርሳቸው አሁን ጭናቸው ላይ ነው። ቀኝ እጃቸው ይሄድና ዚፑን ይነካል። ይመለሳል። ቆይቶ ደግሞ ይሄዳል።

እንቁ ከንፈሯን በምላሷ አረጠበች።

“እትዬ፣ ከንፈሬ ደረቀ። ቫዝሊንዎን ይስጡኝ።”

የወይዘሮ መሰረት እጅ በልማድ ዚፑን ያዘ። ግማሽ ድረስ ሳበውና ቀጥ አለ።

“ዛሬ አልያዝኩም።”

አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚያ ቦርሳ ቫዝሊን ጠፍቶ አያውቅም። በቤተ ክርስቲያን፣ በባቡር፣ በሐኪም ቤት ወረፋ ላይ፣ እንቁ እጇን ስትዘረጋ ትንሿ ቆርቆሮ ትወጣለች። ይሄ አገር መጀመሪያ የሚያደርቀው ከንፈር ነው ይላሉ እትዬ፣ ለአዲስ መጪ ሁሉ ነው የሚያድሉት። አሁንም የራሳቸው ከንፈር ያብረቀርቃል።

“ቦርሳዎን ይክፈቱልኝ” አለች እንቁ።

“ኧረ ተይ፣ ትልቅ ሰው ናቸው” አለ ፍጹም።

“አንተ ዝም በል። እትዬ፣ ይክፈቱልኝ። እኔ እንድከፍተው አያድርጉኝ።”

ወይዘሮ መሰረት ከፈቱት። ከላይ ቫዝሊኑ፣ ከሥሩ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር። ሶፍቱን ገለጠችው። ሰማያዊው ፓስፖርት።

ቲጂ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

“መሰረት፣ አንቺ ነሽ?” አሉ ጋሽ ሀብተማርያም። ድምፃቸው ላይ ቁጣም ነበረበት፣ እፎይታም።

“ለምን?” አለች እንቁ።

ይሄን ጥያቄ በሥራዋ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ትጠይቃለች። የተያዘ ሰው መልስ አያጣም። ረስቼው ነው ይላል፣ ልከፍል ነበር ይላል፣ ልጄ ታሞብኝ ነው ይላል። እትዬ ግን የሚያዩት ፓስፖርቱን አይደለም። እንቁ እጅ ላይ ያለውን መነጽር ነው የሚያዩት።

እንቁም መነጽሩን አየችው።

አባቷ ገና አላጠለቁትም። ሽታቸው የለበትም፣ ዓይናቸው አላረፈበትም፣ የሳቸው የሚሆነው ሲያደርጉት ነው። እትዬ ደግሞ እንዲሁ ዕቃ የሚስሙ ሴት አይደሉም። አብራቸው በኖረችባቸው ዓመታት እትዬ ሲስሙ ያየችው ሁለት ነገር ነው። አንዱ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው። ሌላው መኝታ ቤታቸው የተሰቀለው የሟች ባላቸው ፎቶ።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ቁጥር ይጠራል። ሰባ ሁለት። ሰባ ሦስት።

ሁሉም ነገር ገባት። ጠዋት በጨለማ ለሺፍት ስትወጣ ቲጂ ተኝታ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ስልኩ የተደወለው ከዚያ በኋላ ነው። መርዶ ደግሞ በቀትር አይነገርም፣ በሥራ ቦታ አይነገርም፣ በስልክ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ነው፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ቤት ድረስ ተሂዶ። የዛሬው ጎህ አምልጧቸዋል። የነገውን ለማግኘት ከአንድ አውሮፕላን ሊያስቀሯት ይገባል። ቤት አትሂጂ ያሏት የቸኮለ ለቀስተኛ እንዳይቀድማቸው ነው። ፌስቡኩ የጠፋው አንዱ ፎቶ ለጥፎ ነፍስ ይማር እንዳይል ነው። ብይ፣ ብይ ያሏት ነገ እህል እንደማይወርድላት ስለሚያውቁ ነው። ከአልጋ ጋር ሲታገሉ የነበሩትን አባቷን አዲስ አበባ ላይ ይሄኔ ቀብረው ተመልሰዋል፤ እዚያ ለቀብር ማንም አይዘገይም።

“እናቴ የሞተች ጊዜ” አሉ ወይዘሮ መሰረት። ቀስ ብለው ነው የተናገሩት፣ እያንዳንዱን ቃል አስቀድመው እየዳሰሱ። “ልጠይቃት ነበር የምሄደው። ደህና ናት ብለውኛል። ቦሌ ሻንጣዬን ስጠብቅ አንዲት የሰፈር ሴትዮ አየችኝ። የሰማሁ መስሏት እግዜር ያጥናሽ አለችኝ። ሻንጣው እየዞረ፣ እዚያው ወደቅኩ። የያዘኝ ዘመድ የለም። ያነሳኝ ዘበኛ ነው።”

እትዬ ዓይናቸውን ከመነጽሩ አንስተው ወደ ሌሎቹ ሦስቱ አዞሩ።

“እነዚህ ይነጋገራሉ፣ አይስማሙም። ቲጂ ዛሬውኑ እንንገራት ትላለች፣ ፍጹም ቲኬቱን አዛውራለሁ ይላል፣ ጋሼ በልመና ትቀራለች ይላሉ። እኔ አውቅሻለሁ፣ ተለምነሽ አትቀሪም። ጋሼ ሻያቸውን ሊያመጡ በተነሱበት፣ ቦርሳሽን ከወንበርሽ ላይ ላነሳልሽ ስል አፉ ተከፍቶ የመነጽሩ ማስቀመጫ እጄ ገባ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን እኔም አላውቀው። ለማንም አልነገርኩም። ሌባ በይኝ፣ ልክ ነሽ። ብቻ እንደኔ ሻንጣ መሃል አትወድቂም።”

እትዬ አላለቀሱም። እንቁ አሁን ገባት፣ እንደዚያ ቃል የቆጠቡት ለምን እንደሆነ። የሞተው ወንድማቸው ነው። አፋቸውን ቢከፍቱ የሚወጣው ሌላ ነገር ነው። ለሷ ብለው ሙሉ ቀን ውጠውታል።

ጋሽ ሀብተማርያም ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሱ። እሳቸው ሲነሱ ፍጹምም ተነሳ፣ ቲጂም ተነሳች። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“እንቁዬ፣ ልጄ—”

“ይቀመጡ ጋሼ።”

“እንግዲህ ከዚህ በኋላ—”

“ይቀመጡልኝ። አይንገሩኝ።” እጇን ወደ ወንበራቸው ዘረጋች። “እዚህ አይደለም። ነገ በጠዋት፣ ቤቴ መጥታችሁ፣ እንደ ደንቡ። ማንም ምንም አልነገረኝም፣ እኔም ምንም አልሰማሁም። እስከ ነገ ጠዋት አባት ይኑረኝ።”

ተቀመጡ። ቲጂ ካፖርቷ አንገት ውስጥ ፊቷን ቀበረች።

እንቁ ፓስፖርቱን አነሳችው። ጊዜው አልመሸም። ባቡሩን ብትይዝ፣ በዌስተን ጣቢያ በኩል አድርጋ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ለመድረስ ሰዓት ይተርፋታል። ገልጣ ፎቶዋን አየችው። ከዚያ መልሳ በሶፍቱ ጠቀለለችው።

“እስከ ነገ እርስዎ ጋ ይቆይ” አለች፣ እትዬ ቦርሳ ውስጥ መልሳ እየከተተች። ዚፑን ራሷ ዘጋችው።

ሴኩሪቲው ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ መጣ።

“ተገኘ?” አለ።

“ተገኘ” አለች እንቁ። “አክስቴ አስቀምጠውልኝ ነበር።”

ወይዘሮ መሰረት ቲራሚሱውን በማንኪያ ቆረሱ። ጾመኛዋ፣ በዓርብ ቀን፣ የክሬም ማንኪያ ወደ እንቁ አፍ አስጠጉ።

“እስቲ ለኔ ስትዪ፣ ይቺን ብቻ።”

እንቁ አፏን ከፈተች። የምትወደው ጣፋጭ ነው። ምንም አልጣማትም። አኝካ ዋጠችው፣ ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም፣ እትዬ ማንኪያውን እስኪያስቀምጡ ድረስ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ።

እንቁ አልተኛችም ነበር። ጥቁር ለብሳለች። ወንበሮቹን ግድግዳው ሥር ደርድራለች፤ የጎደሉትን ቲጂ ከላይኛው ፎቅ ጎረቤት ተበድራ አምጥታለች። መነጽሩ እጇ ላይ ነው። አልወለወለችውም።

በሩን ከፈተች። ጋሽ ሀብተማርያም ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ከጎናቸው እትዬ በነጠላቸው ተሸፍነዋል፣ ከኋላቸው ፍጹም፣ ከሱ ኋላ ኮሪደሩን የሞላ ሰው። ማንም አይናገርም።

እንቁ በሩን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ወደ እትዬ ሄዳ ክንዳቸውን ያዘች፣ እንዳይወድቁ።

“አሁን ንገሩኝ” አለች።